አሥራ ሁለተኛው ፊት

በኬንያው ሞያሌ የወልደ ሥላሴን የእጅ ሥራ ያላየ ሰው የለም። የሥጋ ቤቱ በሬ የእሱ ነው። የፀጉር አስተካካዩ ጎፈሬ የእሱ ነው። ወደ ጎዶማ የሚመላለሱት ጭነት መኪኖች ከኋላቸው የለጠፉት ምክርና ተረብ፣ አማርኛውም ስዋሂሊውም፣ የእሱ ነው። ዕድሜው ስድሳ ሦስት ደርሷል። ሚስቱ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ አንዲት ልጁ ኢሲዮሎ አግብታ እዚያው ቀርታለች። ማንያታ ሰፈር ውስጥ፣ ግማሹ ክፍል በቀለም ጣሳ በተሞላ የጭቃ ቤት ብቻውን ይኖራል።

ከተማው የሚያከብረው ግን ለበሬውና ለጎፈሬው ብሎ አይደለም። የአለቃ ዘርአብሩክ ደቀ መዝሙር ስለሆነ ነው።

አለቃ ዘርአብሩክ ከደጋ የወረዱ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ከዲላ ጀምረው በሀገረ ማርያም፣ በያቤሎ፣ በአንዲት የመንገድ ዳር መንደርና በሜጋ አድርገው፣ መንገድ ሲገኝ በመኪና፣ ሲጠፋ በእግር፣ በደረሱበት አንድ ግድግዳ ሥለው ያልፉ ነበር። የሚሥሉትም ሁልጊዜ ምሴተ ሐሙስን ነው፤ ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር የመጨረሻውን ራት የበላበትን። ሜጋ ላይ ሥራቸውን ጨርሰው መኪና ሲጠብቁ የአንድ አይሱዙ ረዳት በኖራ ድንጋይ የመኪናውን ጎን ሲሞነጫጭር አዩ። የሞነጫጨረው ፈረስ ነበር። «እጅህ ሥራ ፈት ነው፤ ና ከኔ ጋር» አሉት። ረዳቱ ወልደ ሥላሴ ነበር። ሃያ ዓመቱ ነበር።

ድንበሩን ተሻግረው ማንያታ ሲደርሱ የሚካኤል ማኅበርተኞች አንዲት ክፍል ሰጧቸው። ሁለት ዓመት ለየቤቱ ትንንሽ ሥዕል እየሠሩ ኖሩ፤ በመጨረሻም ማኅበርተኞቹ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ቀን ጽዋ የሚጠጡበትን ቤት ግድግዳ ጀመሩ። አለቃ ግን ሳይጨርሱት በወባ ሞቱ። ይህ ከሆነ አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ወልደ ሥላሴ ያን ግድግዳ በተመለከተ ለማንም ያልተናገረው ነገር አለው፤ ምንነቱን ለመረዳት የአሣሣሉን ወግ ማወቅ ያስፈልጋል።

በእኛ ሥዕል የጻድቅ ፊት ሙሉው ይታያል፣ ሁለት ዓይኑ ይበራል። ከሐዲ ግን በጎኑ ይሣላል፣ በአንድ ዓይን። ይህን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ማኅበርተኞቹ አሥራ አንድ ነበሩ፤ አለቃም የአሥራ አንዱን መልክ ለአሥራ አንዱ ሐዋርያት ሰጧቸው። ጨው ሻጩ ጴጥሮስ ሆነ፣ ባለ ሆቴሉ ቶማስ ሆነ፤ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ቀረ ይሁዳ። ለይሁዳ ፊቱን የሚያውስ ሰው ከየት ይገኛል?

አለቃ ትኩሳቱ ከጣላቸው በኋላ ለደቀ መዝሙራቸው ብቻ ነገሩት። «አሥራ ሁለተኛው እኔ ነኝ። የኔን ፊት በጎኑ ሣልልኝ። ለኔ አንድ ዓይን ይበቃኛል።» በሦስተኛው ቀን ዐረፉ።

ወልደ ሥላሴ ከሰሉን ይዞ ግድግዳው ፊት ቆመ፣ እጁ ግን እምቢ አለው። ከመኪና ጭነት ላይ አንሥተው ሰው ያደረጉትን አባት ከሐዲ አድርጎ መሣል ግፍ መሰለው። ማንንም የማይመስል ሰው እሥላለሁ አለ። ማንንም የማይመስል ሰው ግን የለም፤ እጅም የምታወጣው የለመደችውን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከክፍላቸው ማዶ፣ በረንዳ ላይ፣ ሱራ የሚባል ቡርጂ ልብስ ሰፊ በሲንጀሩ ላይ አጎንብሶ ሲውል ያይ ነበር። ሱራ ከጎኑ ነው የሚታየው፤ ወልደ ሥላሴም የጎን ፊት መሣል የተለማመደው በእሱ ነው። ሥሎ ሲጨርስ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አየ። ግድግዳው ላይ ያለው ሱራ ነው። ደነገጠ፣ ጢም ጨመረበት፣ ማንም አይለየውም አለ። በማግሥቱ በዓሉ ነበር። ለማስተካከል ጊዜ የለኝም ብሎ ለራሱ ነገረው፤ ሰው ለራሱ ሲዋሽ የሚመሰክርበት የለም።

ሥዕሉ የተሸፈነበትን መጋረጃ የሰፋው ሱራ ነበር። ለሚካኤል ስጦታ ይሁንልኝ ብሎ ነው የሰፋው።

ክፉ ጊዜ ሆነና በዚያው ወር ከማኅበርተኞቹ ሁለቱ ጨርቅ ሲያሻግሩ በጥቆማ ተይዘው ሩቅ አገር ታስረው ነበር። ጠቋሚው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በየደጃፉ ይንከራተት ነበር። መጋረጃው ሲነሣ አንዱ «ሱራ» አለ፣ በሹክሹክታ። ጢሙ ማንንም አላታለለም። ሁሉም የአለቃ እጅ መስሎት፣ ቅዱሱ ሰው በሞታቸው ዋዜማ ተገልጦላቸው ነው ተባለ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ነገሩ ሳምንት ሳይሞላው ድንበሩን ተሻግሮ በኢትዮጵያው ሞያሌም ተወራ። ከታሰሩት አንዱ በሕመም ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ የሐሜት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ደም ሆነ። ለሱራ ጨርቅ የሚሰጠው ጠፋ። ሚስቱንና የሰባት ዓመት ልጁን ይዞ ዳበል ወደምትባል የገጠር መንደር ወረደ፤ የአርብቶ አደሩን ሽርጥ እየሰፋ ኖሮ እዚያው ሞተ። የጠቆመው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

ልጁ እታለማሁ ትልቅ ሰው ሆና ከእናቷ ጋር ወደ ሞያሌ ተመለሰች፤ ማንያታ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተች። ምግቧን የሚወዱ ሳይቀሩ ከኋላዋ የይሁዳ ልጅ ይሏታል። ወልደ ሥላሴ እሷ ቤት አንድ ቀን በልቶ አያውቅም። በመንገድ ሲያያት ማዶውን ይይዛል። በመጀመሪያው ዓመት ዝም ያሰኘው ፍርሃት ነበር፤ የሟች አደራ በላሁ ብሎ በሰው ፊት መናገር ቀላል አይደለም። በኋላ ግን ስሙም እንጀራውም በዚያ ግድግዳ ላይ ቆመ። የዘርአብሩክ ደቀ መዝሙር እየተባለ ታጨ፣ ታመነ፣ ሥራ ተሰጠው። ይህ ሰበብ ቢሆን እንጂ ምክንያት አይሆንም። ነገ እናገራለሁ ሲል አርባ አንድ ዓመት ሞላው።

ባለፈው ጥር፣ የዳባሶ የግመል ወተት መሸጫ ግድግዳ ላይ ግመል እየሣለ ሳለ፣ ዳባሶ ከታች ሆኖ መሰላሉን መታ መታ አደረገ።

«ምዜ፣ አባባ፣ ውረድ። ዋጌኒ መጥተውልሃል፤ እንግዶች። አዲስ አበባ ሰው። ግመሏን ተዋት፣ እሷ አትሄድም።»

እንግዶቹ አሥር ነበሩ። መሪያቸው ሚሚ የምትባል፣ አርባ ዓመት የሚሆናት የሥዕል መምህርት ናት። ከአዲስ አበባና ከናይሮቢ ያሰባሰበቻቸውን ዘጠኝ ሠዓሊዎች በሚኒባስ ይዛ አለቃ ዘርአብሩክ የሄዱበትን መንገድ ከዲላ ጀምራ ስትከተል ሰንብታለች። በየደረሱበት ግድግዳው ፊት ቁጭ ብለው፣ የአለቃን መስመር በራሳቸው እጅ መልሰው እየሣሉ ይማራሉ። ሞያሌ የመጨረሻው ማረፊያቸው ነው። ሦስት ቀን ሠርተው ናይሮቢ ሄደው የገለበጡትን ሁሉ በኤግዚቢሽን ያሳያሉ።

«እርስዎን ማግኘት ራሳቸውን እንደማግኘት ነው፣ ጋሼ» አለችው ሚሚ፣ ዝቅ ብላ እጁን ይዛ። ወልደ ሥላሴ እጁን ቀለም አለበት ብሎ ሳብ አደረገ።

የማኅበሩን ቤት የከፈተላቸው ሊቀመንበሩ ኪዳነምሕረት ነው፤ ባለ ሱቅ፣ ሃምሳውን ያለፈ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው። ከእስር ሳይመለስ የቀረው ሰው አባቱ ነው። ሠዓሊዎቹ ሁለት ቀን ሙሉ ሐዋርያቱን አንድ በአንድ ሲገለብጡ ዋሉ። ወልደ ሥላሴ አለቃ ቀለሙን በምን ይበጠብጡ እንደነበር፣ ለፊት መጀመሪያ የትኛውን መስመር ይጥሉ እንደነበር አስረዳቸው። ከብዙ ዓመት ወዲህ እንደዚያ ተናግሮ አያውቅም፤ ለአፍታ ደስ ብሎትም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሚሚ አምስት ወረቀቶች አወጣችና ማኅበርተኞች ጽዋ በሚያስቀምጡበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻቸው።

«ይኼን ሰው ያውቁታል፣ ጋሼ?»

አምስቱም ይሁዳ ነው፤ ከአምስት ግድግዳ የተገለበጠ። አምስቱም ግን አንድ ሰው ነው። ወጣ ያለ ግንባር፣ ረጅም አፍንጫ፣ ከጆሮው ሥር የቁስል ምልክት። ያን ምልክት ወልደ ሥላሴ በእጁ ያውቀዋል፤ አለቃ በታመሙ ጊዜ ፊታቸውን ያጥብ የነበረው እሱ ነው። አለቃ የነገሩት የትኩሳት ቃል አልነበረም። በየሄዱበት፣ በየግድግዳው፣ የከሐዲውን ቦታ ለራሳቸው ሲወስዱ ኖረዋል ማለት ነው፤ ያን ያስቀረባቸው እሱ ብቻ ነው።

«ራሳቸው ናቸው» አለ በመጨረሻ። «አለቃ ናቸው።»

ሚሚ ወረቀቶቹን እንደገና አየቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳውን፣ ጢም ያለውን የጎን ፊት አየች። «ዕድሜ ልካቸውን ራሳቸውን በይሁዳ ቦታ ሲያስቀምጡ የኖሩ ሰው እዚህ ሲደርሱ ራሳቸውን አንሥተው ሌላ ሰው አስቀመጡ። ይኼ ሰው ምን ያህል ቢበድል ነው?»

«ሱራ ይባላል» አለ ኪዳነምሕረት ከበሩ በኩል። «ልብስ ሰፊ ነበር። አባቴን የጠቆመ እሱ ነው። ያ ዳቦውን የያዘው ሐዋርያ አባቴ ነው።»

ሚሚ ማስታወሻዋን ከፈተች። «ነገ ሁላችንም ይኼን ፊት እንሠራለን» አለች። «የኤግዚቢሽኑ ልብ እሱ ነው የሚሆነው። ከነታሪኩ፣ ከነስሙ።» ወልደ ሥላሴ እስክሪብቶው ሱ እና ራ ሲል ቆሞ አየ። እስከ ዛሬ ነገሩ የአንድ ከተማ ሐሜት ነበር፤ ከተማውም አርጅቶ ሊረሳው ነበር። አሁን በጽሑፍ ናይሮቢ ሊሰቀል ነው፣ የዘርአብሩክ የመጨረሻ ምስክርነት ተብሎ። ግመሉን እጨርሳለሁ ብሎ ሄደ፤ ግመሉንም አልጨረሰም።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሲመጣ ዘጠኙ ሥዕሎች አልቀው ኖሯል። እንዲደርቁ ብለው ከቤቱ ውጭ በግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ደርድረዋቸዋል። ዘጠኝ ሱራ። መንገደኛው እየቆመ ያያል። ሽማግሌዎቹ «እሱ ነው» ይላሉ፤ ልጆቹ ማን እንደሆነ ሲጠይቁ ይነገራቸዋል። ዳባሶም ሱቁን ትቶ መጥቶ ቆሟል። ወልደ ሥላሴ በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ምሳ የምታቀርብላቸው እታለማሁ ነበረች። ሚሚ ምግብሽ ተመስግኗል ብላ ያዘዘቻት ማንነቷን ሳታውቅ ነው፤ ማንያታ ሐሜቱን ለባዳ ቶሎ አያወጣም። እታለማሁ ሁለቱን ቀን ድስቱን ከደጃፉ አስረክባ ተመልሳለች። ግቢ ሲሏት «ከበሩ ይበቃኛል» ብላ ነበር። የዚያን ቀን ከባጃጁ ድስቱን ይዛ ስትወርድ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላት። ከዳር ጀምራ ዘጠኙንም አየቻቸው፣ አንዱንም ሳትዘል። ድስቱን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ሩዙ እንዳይበርድ» አለች ለሚሚ። «ሰሃኖቹን በኋላ ሰው ልኬ አስወስዳለሁ።»

ዞራ ልትሄድ ነው። ከሄደች ነገሩ አለቀ፤ ሥዕሎቹ ማታውን ሚኒባስ ላይ ይጫናሉ። ወልደ ሥላሴ ተነሣ።

«እታለማሁ፣ ቆዪ።»

ስሟን ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነው። ቆመች፤ ግን አልዞረችም።

«ይኼን ፊት የሣልኩት እኔ ነኝ። አለቃ አይደሉም። እሳቸው የኔን ፊት ሣል ብለውኝ ነበር። እሳቸውን ከሐዲ ማድረግ አቃተኝ። ከጎኑ አይቼ የማውቀው ሰው አባትሽ ብቻ ነበር፤ እጄ እሱን አወጣች። ሳየው አውቄዋለሁ። ማጥፋት እችል ነበር፣ አላጠፋሁም። አባትሽ ምንም አላደረገም። ያኔም የማውቅበት ክፉ ነገር አልነበረም፣ ዛሬም የለም።»

«ዱጋ?» አለ ዳባሶ ቀስ ብሎ። «እውነት ነው፣ ምዜ?»

«እውነት ነው።»

ኪዳነምሕረት ከቤቱ ውስጥ ሰምቶ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ታዲያ አባቴን ማን ነው የጠቆመው?»

«አላውቅም።»

«አርባ አንድ ዓመት ስጠላው የኖርኩት ሰው ነው» አለ ኪዳነምሕረት። ድምፁን አላነሣም። «ልጁ ከዚህ በር እንዳትገባ ያደረግሁ እኔ ነኝ። እናቷ ስትሞት ማኅበሩ እንዳይቀብር ያስወሰንኩ እኔ ነኝ። ይኼን ሁሉ አሁን የት ልጣለው?» የቤቱን ቁልፍ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠ። እታለማሁ ዘንድ ሲደርስ አጎንብሶ እጅ ነሣና መንገዱን ቀጠለ።

እታለማሁ ያን ጊዜ ዞረች። «አባቴ ያውቅ ነበር?» አለች።

«መጋረጃው በተነሣ ቀን ከበሩ ላይ ቆሞ ሥዕሉን ብዙ አየው። ከዚያ ሰዉን ሁሉ ትቶ ወደኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ያውቅ ነበር።»

«እናቴ አለቃን ስትረግም፣ ተዪ የሞተ ሰው አይረገምም ይላት ነበር። ሠዓሊው ማን እንደሆነ ግን አንድ ቀን ከአፉ አልወጣም። ልጅ ነው፣ ከዚህ ከተማ ካባረሩት የት ይገባል ብሎ ይሆናል። እንደዚያ ያለ ሰው ነበር።» ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔ ግን አባቴን አይደለሁም። ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሽዎትም።»

«አልጠይቅሽም» አለ።

ሚሚ ማስታወሻዋን አውጥታ የጻፈችውን ገጽ ቀደደችው። ሠዓሊዎቹ ሳይነገራቸው ሥዕሎቹን ገልብጠው ወደ ግድግዳው አዞሯቸው። ሚኒባሱ አንድ ቀን እንዲቆይ ተስማሙ፤ የአለቃን ፊት ከአምስት ቦታ ይዘውት መጥተዋል፣ ነገ ጠዋት ወልደ ሥላሴ በእነሱ ወረቀት እየተመራ አሥራ ሁለተኛውን ፊት ለባለቤቱ እንዲመልስ። አሁን ያለው ፊት መፋቅ አለበት። እታለማሁ ይህን ስትሰማ ወደ ቤቱ ገባች። ደፉን ተሻግራ ግድግዳው ዘንድ ሄዳ ጢሙን በመዳፏ ሸፍና አየችው።

«አባቴ ፎቶ የለውም» አለች። «ዳበል ፎቶ የሚያነሣ ሰው አልነበረም። ፊቱ የቀረው እዚህ ብቻ ነው። ከመፋቅዎ በፊት ለቤቴ ይሣሉልኝ። ጢም የሌለው፣ ሁለት ዓይን ያለው አድርገው።»

ወረቀትና ከሰል ሰጡት። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጭንቅላቱን አወጣ፣ ጆሮውን አወጣ፣ አንገቱን፣ ሸሚዙን፣ የሰፊ ትከሻውን አወጣ። ከዚያ እጁ ቆመች። ደግሞ ሌላ ወረቀት ወሰደ፣ ደግሞም እዚያው ላይ ቆመ። ሚሚ እጁ የደከመ መስሏት ወረቀቱን ልትይዝለት ተነሣች።

«እጄ አይደለም» አለ። «ሁለት ዓመት በረንዳው ላይ አይቼዋለሁ፤ ከጎኑ ነው። በመጨረሻው ቀን ወደኔ ሲዞር አላየሁትም። ፊቱን አላውቀውም፣ እታለማሁ። የአባትሽን ፊት አንድ ቀን አይቼው አላውቅም።»

ቁጣ በእታለማሁ ፊት መጥቶ ሄደ፤ ሌላም ነገር መጣ፣ እሱም ሄደ። ከዚያ አንድ ወንበር ከጥግ አንሥታ ከበሩ የሚገባው ብርሃን ላይ አደረገችው፣ ከፊቱ፣ ጉልበት ለጉልበት ሊነካኩ እስኪደርሱ። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችና ተቀመጠች።

«እሱን ነው የምትመስዪው ይሉኛል» አለች። «እኔን ይዩኝ።»

ወልደ ሥላሴ እንባው ከሰሉ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ጠበቀችው። ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሣችም፤ እስኪያያትም ድረስ አልተነሣችም።